የሞተውን ፍላሽ ካርዴን እንዴት እንዳስነሳሁት

አፕዴት መሀል ላይ የሞተ የኒንቴንዶ ዲኤስ ፍላሽ ካርድ ይዛችሁ በሌሊት መፍትሔ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡትና ሻይ ጠጡ። ቀልዴን አይደለም። የእኔ ካርድ ላይ የደረሰው ጉዳት ራሱ ያን ያህል አልነበረም። ነገሩን ያከፋሁት እኔው ነኝ፣ ካርዱ መሞቱን ካየሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ያውቀዋል። የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላት፣ ዞር ብላም አላየችው። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የተኛ ኒንቴንዶ ዲኤስ ላይት፣ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮንሶል፣ ትዝ አለኝ። ሁለት ስክሪን አለው፣ የታችኛው ላይ በብዕር ይጻፋል። ፊደል ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ዴቭኪትአርም በሚባለው ነፃ መሣሪያ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁላት። ላይኛው ስክሪን ላይ ፊደሉ ይወጣል፣ ታች እሷ በብዕር ትከተለዋለች፣ ስትጨርስ ድምፁ ይሰማል። ድምፁ የእናቴ ነው። ልትጠይቀን ከደሴ መጥታ በነበረ ጊዜ ወጥ ቤት ቁጭ አድርጌ 33ቱን ፊደል ከነሰባት ቤታቸው፣ በድምሩ 231 ድምፅ ቀዳኋት። «መ» ላይ ስንደርስ «ምነው ልጄ፣ ቄስ ትምህርት ቤት መልሰህ አስገባኸኝ» ብላ ሳቀች። ሳቋም ተቀድቷል፤ እሱን ቆርጬ አወጣሁት። ባላወጣው ይሻል ነበር።

እንዲህ ዓይነት ቤት የተሠራ ፕሮግራም ዲኤስ ላይ የሚሄደው በፍላሽ ካርድ ነው። መልኩ የጌም ካርድ ነው፣ ግን ጎኑ ላይ ማይክሮ ኤስዲ ሜሞሪ ይገባበታል። የእኔው ኤስካርድ 2አይ ይባላል፣ ድሮ የገዛሁት። ለዓመታት አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ጣጣው የመጣው ለልደቷ ያገለገለ 3ዲኤስ፣ ከዲኤስ በኋላ የመጣውን ኮንሶል፣ የገዛሁላት ጊዜ ነው። ካርዱን ብሰካው እምቢ አለ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ገብቶኛል። የመጀመሪያዎቹ ዲኤሶች የሰጧቸውን ካርድ ይከፍታሉ። ከዲኤስአይ (ከዲኤስ ላይት ቀጥሎ ከመጣው ኮንሶል) ወዲህ ያሉት ግን የሚገባውን የዲኤስ ካርድ ከሚያውቋቸው ጌሞች ዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ። ፍላሽ ካርዱ ታዲያ የታወቀ ጌም መስሎ ይገባል፤ የሰው መታወቂያ ይዞ በር ላይ እንደማለፍ ማለት ነው። ኒንቴንዶ መታወቂያው የውሸት መሆኑን ሲነቃበት በኮንሶሉ አፕዴት ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዲኤስአይ 1.4 አፕዴት ብዙ ካርዶችን እንዲሁ ነበር የዘጋው። ከዚያ የካርዱ ሠሪዎች ሌላ መታወቂያ የያዘ ፈርምዌር (ካርዱን ከውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም) ያወጣሉ። የእኔ ካርድ የያዘው አሮጌውን ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። አፕዴቱ የሚሠራው ካርዱን እምቢ ባለው ኮንሶል ላይ አይደለም፣ ገና በሚቀበለው አሮጌ ኮንሶል ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ዲኤስ ላይቴ ተመለስኩ።

ሌሊት ነበር። ልጄ ተኝታለች፣ ጠዋት ስትነሳ «ሰርፕራይዝ» ልላት ፈልጌያለሁ። የዲኤስ ላይቱ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተቀይሯል፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው ማለት ነው። ቻርጀር ፈለግኩ። ያገኘሁት የ3ዲኤሱን ነው፣ የእሱ ጫፍ ደግሞ ዲኤስ ላይት ላይ አይገባም። የራሱ ቻርጀር የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። «አጭር ሥራ ናት፣ ትበቃኛለች» አልኩ። በቃ፣ ይህችው ናት ስህተቷ። ስክሪኑ ላይ እንዳታጠፋ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ አፕዴቱ የት እንደደረሰ የሚያሳየው መስመር ግማሽ ድረስ ሄደ፣ ከዚያ ሁለቱም ስክሪን ጥቁር ሆነ። ሆዴ ቡጭ አለ።

በማግስቱ ቻርጀር ተውሼ ሞላሁትና ከፈትኩት። ድሮ የካርዱ ምልክት የሚወጣበት ቦታ ላይ ካርድ አልገባም የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። ካርዱ ግን ገብቷል፣ ዐይኔ እያየው።

አሁን ያደረግኩትን ስሙና እናንተ አታድርጉት። መጀመሪያ የካርዱን ብረት በአፌ ነፋሁት። ምራቅና እርጥበት ነው የተጨመረለት እንጂ የተጠረገለት ነገር የለም። ከዚያ ሃያ ጊዜ ያህል አወጣሁ አስገባሁ። ከዚያ፣ ይህኛው ነው የሚቆጨኝ፣ ሜሞሪውን አውጥቼ ፎርማት አደረግኩት። ለምን? አላውቅም። ኮምፒውተር ሲበላሽ ፎርማት ማድረግ የለመደ እጅ ነዋ። እዚያው ላይ አዲስ የካርዱን ፋይሎች ገለበጥኩበት። መልሼ ሰካሁት፣ ያው ነው፣ ካርድ አልገባም ይለኛል።

የእናቴ ድምፅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ኮዱ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ድምፆቹን ያስተካከልኩበት አሮጌ ላፕቶፕ ግን ከሞተ ቆይቷል። 231ዱም የነበሩት ያቺ ጥፍር የምታህል ሜሞሪ ላይ ብቻ ነበር። እጄን በአፌ ጭኜ ቀረሁ።

ያን ሰዓት ነው እንግዲህ ሁሉንም ያቆምኩት። ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከተትኩት፣ ሜሞሪውንም ለብቻው። ለአንድ ሳምንት አልነካኋቸውም።

በሳምንቱ የአጎቴ ልጅ ቤት መጣ። ከእኔ በብዙ ያንሳል፣ ኮንሶል መፈታታት ነፍሱ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ልነግረው ስል አቋረጠኝና «ጋሼ፣ እሱን ተወውና አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ምልክቱ ይታያል አይታይም?» አለኝ።

«አይታይም።»

«ታዲያ ሜሞሪውን ምን ቤት ነው ብለህ ፎርማት አደረግከው?»

ከዚያ በኋላ ያስረዳኝን ማንም ሰው መጀመሪያ ቀን ነግሮኝ ቢሆን ስንት ጣጣ በዳንኩ። ፍላሽ ካርድ ሁለት ማስቀመጫ ነው ያለው። አንዱ ከውስጥ ሰሌዳው ላይ የተበየደ ትንሽ ቺፕ ነው፣ ፈርምዌሩ ያለው እዚያ ነው፣ ኮንሶሉ ሲበራ የሚያየው ምልክትና ስምም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላው የምናስገባው ሜሞሪ ነው፣ እሱ የሚነበበው ካርዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ታይቶ፣ ስትነኩት ግን ፋይል አጣሁ ካለ ወይም ነጭ ስክሪን ላይ ከቀረ ችግሩ በአብዛኛው ሜሞሪው ወይም ላዩ ያሉት ፋይሎች ናቸው። ሜሞሪውን ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት ማድረግ የሚረዳው ያኔ ነው። ምልክቱ ራሱ ከጠፋ ግን ወይ የብረቱ ንክኪ ነው ወይ የውስጡ ቺፕ። ሜሞሪውን ብትቀቅሉትም ለውጥ የለውም።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። አስመስለው ከተሠሩ ካርዶች አንዳንዶቹ ቀን ተቆጥሮባቸው ነው የሚሠሩት፤ የሆነ ቀን ካለፈ በኋላ ድንገት ጊዜህ አልፏል፣ አፕዴት አድርግ ብለው ይቆማሉ። ይሄ ሞት አይደለም። የኮንሶሉን ቀን ወደ ኋላ መልሱትና ሞክሩ። ሰው ደህና ካርድ ይዞ በዚህ ደንግጦ ከየትም ያገኘውን ፈርምዌር ጭኖ የምር ይገድለዋል።

የብረቱን ንክኪ መጀመሪያ አጣራን። ዲኤስ ካርድ ጀርባው ላይ 17 የብረት ጥርሶች አሉት። የጆሮ ጥጥ ላይ አልኮል (የመድኃኒት ቤቱን ነው የምለው፣ አረቄ አይደለም) ጠብ አድርጎ በቀስታ ጠረጋቸውና እስኪደርቅ ጠበቅን። ምልክቱ አልመጣም። እንግዲህ ቺፑ ነው።

«ሙሉ በሙሉ አልሞተም ግን» አለኝ። አፕዴቱ መሀል ላይ ስለተቋረጠ ቺፑ ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ባዶ ሆኗል። ኮንሶሉ መጀመሪያ የሚያነበው ክፍል ስለተበላሸ «ካርድ የለም» ይላል። ቺፑ ግን እንደገና ለመጻፍ ዝግጁ ነው። የጎደለው አፕዴት ፕሮግራሙን የሚያስነሳለት ነገር ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የሚነሳው ከራሱ ካርድ ነው፣ ካርዱ ደግሞ አይነሳም። ቁልፉን መኪና ውስጥ ትቶ እንደመቆለፍ በሉት።

መፍትሔው የሌላ ሰው ካርድ ነው። ፕሮግራም አንዴ ከተነሳ የሚኖረው የኮንሶሉ ራም (ኮንሶሉ እስኪጠፋ ብቻ የሚይዝ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ላይ ነው፤ ዲኤስ 4 ሜጋ ባይት ራም አለው፣ ለእንዲህ ዓይነቷ ትንሽ ፕሮግራም ይበቃታል። ስለዚህ ደህና ካርድ አስገብታችሁ አፕዴት ፕሮግራሙን ታስነሱታላችሁ፣ ኮንሶሉን ሳታጠፉ ደህናውን ታወጡና የሞተውን ታስገባላችሁ፣ ከዚያ ጀምር ትሉታላችሁ። ፕሮግራሙ ካርድ መቀየሩን አያውቅም፣ ፊቱ ባገኘው ላይ ይጽፋል።

ስሰማው ቀሎኝ ነበር። ሁለተኛ ካርድ ያገለገለ አገኘሁ፣ ያው ኤስካርድ 2አይ። ፈርምዌሩንም አወረድኩ። ልጀምር ስል የአጎቴ ልጅ «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። የምን ቁጥር?

ለካ ስሙ አንድ ሆኖ ከውስጥ ሁለት ዓይነት ሰሌዳ አለው። አንዱ ሃርድዌር 44፣ ሌላው ሃርድዌር 81 ይባላል፣ የአፕዴት ፋይላቸውም ለየብቻ ነው። እኔ ያወረድኩት የ81ን ነበር። ሁለተኛው ካርድ ስንከፍተው 81 ነው። የሞተው ግን? ቁጥሩ የሚታየው ካርዱ ሲከፈት የሲስተም መረጃው ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ አይከፈትም። ስልኬ ውስጥ ስፈልግ ከሦስት ዓመት በፊት ለጓደኛዬ ላሳየው ያነሳሁት ፎቶ ተገኘ። 44! አንድ ቁልፍ ነበር የቀረኝ የተሳሳተውን ለመጻፍ። ያን ፎቶ ባላገኘው ኖሮ በግምት ልጫነው ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ካርዳችሁ አሁን ደህና ከሆነ ዛሬውኑ ክፈቱትና የሃርድዌር ቁጥሩንና የፈርምዌሩን ስሪት በስልክ ፎቶ አንሱ። የካርዱንም ፊትና ጀርባ። ሌላ ዓይነት ካርድ ያላችሁ ደግሞ በሽፋኑ ስም አትመኑ። ተመሳሳይ ስቲከር ለጥፈው ከውስጥ ፍጹም የተለያየ ሰሌዳ ያላቸው ሞልተዋል፣ በተለይ አር4 የሚል ስም ባላቸው ላይ።

የ44ን ፋይል አወረድኩ፣ ሁለተኛው ካርድ ሜሞሪ ላይ ገለበጥኩት። ባትሪው ሙሉ፣ ቻርጀሩም ተሰክቷል፣ የራሱ ቻርጀር። የሞተው ካርድ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ይህን ፕላስተር አትናቁት። ሁለቱ ካርዶች እንደ መንትያ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሳትቀይሩ ጀምር ካላችሁት ደግሞ በደህናው 81 ላይ የ44ን ትጽፉበታላችሁ። ያኔ ሁለት የሞተ ካርድ ይኖራችኋል፣ ሦስተኛ ፍለጋ መውጣት ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ከሸፈ። ፕሮግራሙን ነካሁና ስክሪኑ ገና ሲቀያየር ካርዱን መዘዝኩት። ስታክ አደረገ። ፕሮግራሙ ገና ከሜሞሪው ወደ ራም እየተጫነ ነበር። ደግነቱ ምንም አልተጻፈም፣ ኮንሶሉን አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ታገስኩ። ፕሮግራሙ ጨርሶ ተነስቶ የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን እያሳየ እስኪቆም ጠበቅኩ። ደህናውን ቀጥ አድርጌ አወጣሁ፣ ባለቀይ ፕላስተሩን ቀስ ብዬ አስገባሁ፣ ጠቅ እስኪል። እስከ አስር ቆጠርኩ። ተጫንኩት፣ ካርዱን ማግኘት አልቻልኩም አለ። ላብ በላብ ሆንኩ። «ፕላስተሩ ነው» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ከኋላዬ ቆሞ ሙዝ እየበላ። እውነቱን ነው፣ የፕላስተሩ ውፍረት ካርዱ እስከ ጥግ እንዳይገባ አድርጎታል። ፕላስተሩን ልጬ በማርከር ምልክት አደረግኩበት።

በሦስተኛው ሄደ። መስመሩ እየሞላ ሳለ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዐይኔን ጨፈንኩ። አለቀ የሚለው ጽሑፍ ወጣ። አጥፍቼ አበራሁት። ምልክቱ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። 3ዲኤሱ ላይም ሰካሁት፣ ከፈተው።

እዚህ ላይ የአጎቴ ልጅ ቆይቶ የነገረኝን ልንገራችሁ፣ ያናደደኝን። 3ዲኤሱ ላይ ሉማ3ዲኤስ የተባለው፣ ኮንሶሉን ከኩባንያው ቁልፍ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ የካርዶቹን ምርመራ ስለሚያልፈው ፈርምዌር መቀየር ጭራሽ አያስፈልግም ነበር! ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኤንቲአርቡት ፍላሸር የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። እንዲህ በተከፈተ 3ዲኤስ ላይ የሚታወቁ ፍላሽ ካርዶችን ቺፕ ሙሉ ቅጂ ወስዶ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጥላችኋል፣ በኋላ ሲበላሽ ያንኑ ቅጂ ይመልሳል። እንዲህ ዓይነት 3ዲኤስ ቤታችሁ ካለ ማንኛውንም አፕዴት ከመንካታችሁ በፊት ቅጂውን ውሰዱ። እኔ አሁን የሁለቱንም ካርድ ቅጂ ይዣለሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም።

ካርዱ ተነሳ፣ ድምፆቹስ? ሜሞሪውን ፎቶሬክ በሚባለው፣ የጠፉ ፋይሎችን በሚመልሰው ነፃ ፕሮግራም ፈለግኩት። ፈጣን ፎርማት በአብዛኛው የሚሰርዘው ማውጫውን ነው፣ ፋይሎቹ ሌላ ነገር እስካልተጻፈባቸው እዚያው አሉ። ስለዚህ ሜሞሪ በስህተት ፎርማት ካደረጋችሁ ወዲያው አውጡት፣ አንድም ፋይል አትገልብጡበት፣ የሚገኘውንም ወደ ሌላ ዲስክ አስቀምጡ። እኔ ግን አዲስ ፋይሎች ገልብጬበት የለ? ከ231ዱ 224 መጡ። ሰባቱን አዲሶቹ ፋይሎች በልተዋቸዋል።

የመጡትም ስማቸው ጠፍቷል። ሁሉም ኤፍ የሚል ፊደልና ቁጥር ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከልጄ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ እያዳመጥን ስም ሰጠናቸው። እናቴ ትላለች፣ ልጄ ገበታው ላይ ትጠቁማለች፣ ያ ዞር ብላ ያላየችው ገበታ ላይ። «ጠ» እና «ጨ» ላይ ተከራከርን፣ «ቀ» ላይ ተስማማን። ሀ፣ ሐ እና ኀን መለየት የሚባል ነገር አልነበረም። ድምፃቸው አንድ ነው፣ ማንኛውንም ለማንኛቸው ሰጠናቸው። ከጎደሉት ሰባት ሦስቱ የሞክሼዎቹ ስለነበሩ ከመንትያቸው ገለበጥኩላቸው። አራት ቀሩ፦ ቹ፣ ኜ፣ ጴ እና ፖ።

ደሴ ደወልኩ። ነገሩን ከላይ እስከ ታች አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ሁለት መቶ ምናምኑን ጠብቀህ አራቱን ብቻ ነው የጣልከው? ጎበዝ» አለችኝ። በቴሌግራም ላከቻቸው። ዘንድሮ እዚያ ጎረቤት ዶሮ የሚያረባ ሰው ገብቷል መሰለኝ፣ «ጴ» ላይ ከኋላዋ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ይህንን አልቆረጥኩትም። ልጄ ፕሮግራሙን ስትከፍት አሁን መጀመሪያ የምትሄደው ወደ «ጴ» ነው።